ውኃ የፈረደባቸው ማማዎች

ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው። በስኮትላንድ፣ ፋይፍ በሚባለው አውራጃ ሁለት ረጃጅም የአርማታ ማማዎች ተገትረዋል። ጌጥ የላቸውም፤ መስታወት ግን አልተነፈጋቸውም። መጀመሪያ ሳያቸው የደወል ቤት መሰሉኝ፤ ቆየት ብዬ ደግሞ የእህል ጎተራ ናቸው ስል ገመትሁ። ከሁለቱም አልነበሩም። በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ የተተከሉ፣ ሰው የሚያወርዱና ከሰል የሚያወጡ ማማዎች ኖረዋል። ማዕድኑ ሮቲስ፣ የማማዎቹ ነዳፊ ደግሞ ኢጎን ሪስ ይባላል።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው ፍቅር ያዘኝ። «የከሰል ጉድጓድም እንዲህ ያምራል እንዴ?» እያልሁ ፎቶግራፉን ላገኘሁት ወዳጅ ሁሉ አሳየሁ። የማማዎቹን ታሪክ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለካስ መቶ ዓመት ይሠራል የተባለው ማዕድን በተመረቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘግቷል። ውኃ ገባበት። ያን ያህል ያደነቅሁት ሕንጻ ከሥሩ ከንቱ መሆኑን ስረዳ፣ እንደ ተታለለ ሰው ሆድ ባሰኝ።

ይህን ሂስ የምጽፈው ያን ስሜቴን ለመመርመር ነው። ለመሆኑ የተሠራበት ዓላማ ያልሰመረ ሕንጻ ሊመሰገን ይገባዋልን? ጥፋቱ ከመሬት በታች ከሆነስ፣ ከመሬት በላይ ያለውን የሠራው ሰው በምን ይጠየቃል? በቅድሚያ ግን አንባቢ ሰውየውን ይተዋወቀው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ሪስ ስሙን የተከለው በስኮትላንድ ይሁን እንጂ በትውልዱ ስኮትላንዳዊ አልነበረም። በ1901 ያኔ በኦስትሪያ ሥር፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ሊፕኒክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ቪየና ገብቶ የሕንጻ ጥበብ ተማረ፤ ከፍሪትዝ ዩድትማን ጋርም ተጣምሮ መሥራት ጀመረ። ዘመኑ የተለየ ዘመን ነበር። ከ1919 እስከ 1934 ከተማይቱን ያስተዳደሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ለሠራተኛው ሕዝብ ከ60,000 በላይ መኖሪያ ቤቶችን አሠርተዋል። ሁለቱ ወዳጆችም ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በላይንትስ ሆስፒታል የሚገኘው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕንጻ ነው። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ የሚሆን ፈዋሽ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። ሐኪሞች ያዝዙ የነበሩት ፀሐይ፣ ንጹሕ አየርና ዕረፍት ነበር። ስለዚህ ሕንጻው ራሱ የመድኃኒቱ ግማሽ ነበር ማለት ይቻላል። በእኔ ግምት የሪስ የሕይወት ዘመን ትምህርት ይህ ነው፤ ብርሃንን ለሀብታም እንደሚጨመር ጌጥ ሳይሆን፣ ለደከመ ሰው እንደሚገባ ድርሻ መቁጠር።

በ1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ያዘ። አይሁዳዊው ሪስ አገሩን ጥሎ እንግሊዝ ገባ። ለንደን ውስጥ ያረፈበት ሎን ሮድ የሚባለው የመኖሪያ ሕንጻ፣ ዌልስ ኮትስ ነድፎት በ1934 የተከፈተ፣ እንደ ዋልተር ግሮፒየስና ማርሴል ብሮየር ያሉ ስደተኛ የጥበብ ሰዎች ተጠግተውበት ያለፉ ቤት ነው። ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲም በጦርነቱ ጊዜ ኖራበታለች። የቤቱ ባለቤት ጃክ ፕሪቻርድ አይሶኮን በተባለው ድርጅቱ አማካይነት የቤት ዕቃ ያሠራ ነበርና ለሪስም ሥራ ሰጠው።

ከዚህ ሥራ «የፔንግዊን አህያ» ተወለደች። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1935 ጀምሮ ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ትንንሽ መጻሕፍትን ማሳተም ይዞ ነበር። ሪስ በ1939 ለእነዚህ መጻሕፍት የሚመጥን መደርደሪያ ነደፈ። ከኮምፔርሳቶ የተሠራች፣ አራት አጫጭር እግሮች ያሏት፣ መጻሕፍቱን ግራና ቀኝ የምትሸከም፣ መካከሏ ደግሞ ለጋዜጣ ማስቀመጫ የተተወ ነች። ጭነቷን በሁለት ጎን ይዛ ስትቆም ለአየ ሰው የስሟ ነገር ግልጽ ነው። ይሁንና ወዲያው ጦርነት መጣ፤ ኮምፔርሳቶው ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበርና ተቋረጠ። አህያዋ በጥቂቱ ተሠርታ ቀረች።

ከአህያ ወደ ማዕድን ማማ መዝለል ለሰሚው ግር ሊል ይችላል። መንገዱን የከፈተው የጊዜው ፖለቲካ ነው። በጥር 1 ቀን 1947 የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድኖች ከግል ባለ ሀብቶች እጅ ወጥተው ለብሔራዊ የከሰል ቦርድ ተላለፉ። አገሪቱ ከጦርነቱ የወጣችው ደኽይታ ነበር፤ ፋብሪካውም ባቡሩም ምድጃውም ከሰል ይጠይቃል። በላናርክሻየር ያሉት የቆዩ ጉድጓዶች እየተሟጠጡ በመሄዳቸው ዐይን ሁሉ ወደ ፋይፍ ዞረ። ሪስ የቦርዱን የስኮትላንድ ክፍል ተቀላቅሎ የአዳዲሶቹን ትልልቅ ማዕድኖች ሕንጻ መንደፍ ያዘ።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ካላልሁ የሰውየው ብልሃት አይታይም። በቀድሞው አሠራር ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ መሰላል የተጋጠመ የብረት ቋሚ ይተከላል። ጫፉ ላይ መዘውር አለ፤ ገመዱን የሚጠቀልለው ሞተር ግን ራቅ ብሎ መሬት ላይ፣ በራሱ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ኬፔ የተባለ ጀርመናዊ የፈለሰፈው ዘዴ ከዚህ ይለያል። ገመዱ አይጠቀለልም፤ እንደ ሚዛን በመዘውሩ ላይ ተንጠልጥሎ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ይወጣል። በመሆኑም ሞተሩን ከነመዘውሩ በቀጥታ ከጉድጓዱ በላይ፣ ከማማው ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ያን ሁሉ ክብደትና መንቀጥቀጥ ለመሸከም ደግሞ ማማው ጽኑ መሆን አለበት። አርማታው የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ሸክም በድፍን ግድግዳ ከልሎ በተወው ነበር። ሪስ ግን መስታወት አስገባበት። በዙሪያው ያሉትን ዝቅተኛ ሕንጻዎችም የሰውና የከሰል መንገድ እንዳይምታታ አድርጎ አደራጃቸው። የማዕድን ሥራ በጨለማ የሚሠራ ሥራ ነው። ሪስ ጨለማውን ከጉድጓዱ ሊያስወጣ አይችልም፤ ጨለማው ግን ከጉድጓዱ አፍ አልፎ እንዳይመጣ ከለከለው። በላይንትስ ለሕሙማን የሠራውን በሮቲስ ለቆፋሪዎች ደገመው እላለሁ። ጀርመን ኤሰን ውስጥ የሚገኘው፣ ሹፕና ክሬመር የነደፉት የዞልፌራይን ማዕድን 12ኛ ጉድጓድ በ1932 ሲከፈት በግርማው ተደንቋል። የዞልፌራይን ግርማ ግን እንደ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆሞ የሚያዝዝ ግርማ ነው። የሪስ ማማዎች ቁመት እንጂ ትዕዛዝ የላቸውም። በዚህ ረገድ የሪስን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ መልካም። አሁን ወደ ውኃው እንምጣ።

የሮቲስን ጉድጓድ መቆፈር የጀመረው የፋይፍ ከሰል ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም 1946፣ ማለትም ማዕድኖቹ ለመንግሥት ከመተላለፋቸው በፊት ነው። በአካባቢው የቆዩ ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ የሠሩ ቆፋሪዎች ቦታው ውኃ እንዳለበት አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር ይባላል። የሰማቸው አልነበረም። በቀን 5,000 ቶን ይወጣል፣ መቶ ዓመት ይዘልቃል ተባለ። ለሠራተኞቹ መኖሪያ ይሆን ዘንድ በ1948 ግሌንሮቲስ የሚባል አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከሰል መውጣት የጀመረው በ1957 ነው። በ1958 ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው መረቁት፤ ነጭ የሥራ ልብስ ለብሰውም ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። በ1962 ማዕድኑ ተዘጋ። 20 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደ ወጣበት ይነገራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶች ተረት ለአህጉረ አውሮፓም ሳይሠራ አይቀርም።

የሪስ ጠበቆች «አርክቴክት የመሬት ሊቅ አይደለም፤ ቦታውንም እርሱ አልመረጠም» ይላሉ። እውነት ነው። ከሳሾቹ ደግሞ «ማማዎቹ በአርማታ የተጻፈ የሐሰት ማስታወቂያ ናቸው» ሊሉ ይችላሉ። እኔም ያን ሰሞን ከእነዚህ ወገን ነበርሁ። አሁን ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የሳቱ ይመስለኛል።

የድሮው የብረት ቋሚ ብሎኑ ተፈትቶ ሌላ ጉድጓድ ላይ ሊተከል ይችላል። የአርማታ ማማ ግን አንዴ ከፈሰሰ አይነቀልም፤ ወይ ይቆማል ወይ ይፈርሳል። እንግዲህ ቅርጹ ራሱ ከሥሩ ያለውን መሬት በእርግጠኝነት ማወቅን ይጠይቃል። ማማው ከፍ ባለ ቁጥር «እስኪ ቆም ብለን እንይ» ማለት እየከበደ ይሄዳል። ያን የመሰለ ሕንጻ ቆሞ፣ ንግሥቲቱም መጥተው፣ «ከሥር ውኃ አለ» የሚል አዛውንት ቆፋሪ ማን ሊሰማው ነው? የሪስ ሕንጻ አልዋሸም፤ ነገር ግን ያልተመለሰ ጥያቄ የተመለሰ እንዲመስል ረድቷል። ሂሴ ይህ ነው፤ ከዚህ አያልፍም።

ከዚህ እንዳላልፍ የሚከለክለኝም አለ። ሪስ እንዲህ ያለ ማማ የተከለው ሮቲስ ላይ ብቻ አልነበረም። በአየርሻየር ኪሎክ፣ በሚድሎዝያን ቢልስተን ግሌንና ሞንክተንሆል፣ በፋይፍ ጠረፍ ደግሞ ከባሕሩ ወለል ሥር ከሰል ያወጣ የነበረው ሲፊልድ አሉ። እነዚህ የሠሩት ለአምስት ዓመት ሳይሆን ለአሥርተ ዓመታት ነው። ኪሎክ እስከ 1987፣ ሲፊልድ እስከ 1988፣ ቢልስተን ግሌን እስከ 1989፣ ሞንክተንሆልም በመካከሉ ቢቋረጥም እስከ 1997 ዘልቀዋል። መሬቱ ሲታወቅ ቅርጹ ትክክል ነበር ማለት ነው። ይህን ስል ከማማዎቹ በታች የነበረውን ሕይወት አሳምሬ ማቅረቤ አይደለም። በግንቦት 1973 ሲፊልድ ውስጥ ጣራ ተደርምሶ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ያማረ መግቢያ ከዚያ አያድንም።

ሪስ በ1964 አረፈ። የሮቲስን መዘጋት አይቷል፤ ሲፊልድና ሞንክተንሆል ሥራ ሲጀምሩ ግን አላየም።

የሚያንገበግበኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የሮቲስ ማማዎች ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆመው በ1993 ፈረሱ። የሲፊልዶቹ ቀድመዋቸው ነበር፤ የሞንክተንሆሎቹም ተከተሉ። በዚያው በፋይፍ፣ ዛሬ መናፈሻ በሆነው በሎኮር ሜዶውስ ከሪስ ዘመን በፊት የተሠራ የሜሪ ማዕድን የአርማታ ቋሚ እስካሁን ቆሟል፤ ሕዝቡም ልጆቹን ይዞ ከሥሩ ይንሸራሸራል። ዞልፌራይን በ1986 ተዘግቶ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሮቲስን ያፈረሱት ሰዎች አንድ የማያገለግል ሕንጻ ያስወገዱ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን ማስረጃ አጠፉ እላለሁ። ግሌንሮቲስ ከተማ ዛሬም አለች፤ ከሰሉ ሲቀር በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ለመኖር ሞክራለች። ለምን እዚያ ቦታ እንደ ተመሠረተች ለሚጠይቅ ልጅ በጣት ሊያሳዩት የሚችሉት ነገር ግን የለም። ማማዎቹ ቢቆሙ ኖሮ የሪስን ጥበብም፣ ያልተሰሙትን የአዛውንቶቹን ቃልም በአንድነት ይመሰክሩ ነበር።

አህያዋስ? እርሷ አልሞተችም። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና መሠራት ጀምራ እስከ ዛሬ በለንደን ትሸጣለች። ክፍለ ዘመን ይሻገራሉ የተባሉት ማማዎች ፈርሰው፣ ጥቂት የኮምፔርሳቶ ሰሌዳዎች ተሻገሩ። አንዳንዱ አንባቢ ከዚህ «ትንሽ ነገር ይበልጣል» የሚል ትምህርት ይቀስም ይሆናል። እኔ ግን አልቀስምም። ለመጽሐፍ ወዳጅ ሳሎን መደርደሪያ መሥራትና ለሺህ ቆፋሪዎች የብርሃን በር መክፈት እኩል ሥራ አይደሉም፤ ሁለተኛው ቢከሽፍም እንኳ።

ፎቶግራፉን አሁንም አልጣልሁትም። ለወዳጆቼ ሳሳየው ግን እንደ ድሮው ውበቱን ተናግሬ አልተውም። ስለ ውኃው እጨምራለሁ፤ ስለ አዛውንቶቹ ቆፋሪዎችም።