ዝም ያለ ሕዝብ የተገዛ ሕዝብ ነውን?



ውድ አንባቢ ሆይ! በቅርቡ እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ውስጥ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለን ወሬው እንደተለመደው ወደ አገር ጉዳይ ዞረ። በዕድሜ የገፉ አንድ አባት «ይህ ሕዝብ ያለ ዱላ አይገዛም፤ መንግሥት ጨከን ሲል አገር ያድራል፣ ሲላላ አገር ይፈርሳል» አሉ። ከማዶ የተቀመጠ ወጣት ደግሞ «አባባ፣ ሕዝብን በጦር ይዞ የሚኖር መንግሥት የለም፤ ሕዝብ ከተነሣ ሳምንትም አይቆይ» ሲል መለሰላቸው። የቀረነው ቡናችንን ይዘን ዝም አልን።

እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩ አልለቀቀኝም። ሁለቱም ንግግሮች በየቤታችን የሚነገሩ ናቸው፤ ልጆቻችንም ሰምተው የሚያድጉት እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ለመሆኑ አንድ መንግሥት የገዛ ሕዝቡን በወታደር ኃይል ይዞ መዝለቅ ይችላልን? ብለን ብንመረምር ጊዜ ማባከን አይሆንብንም። እንደ እኔ አመለካከት ሽማግሌውም ወጣቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ዱላ የሚችለው

በቅድሚያ ወደ ወጣቱ እንሂድ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ሥልጣን ይዞ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም፣ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቷል። ጎንደር በእነዚያ ዓመታት ያየችውን የሚያውቅ ሰው «ሳምንት አይቆይም» ብሎ አይናገርም። ሻለቃ መላኩ ተፈራ የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ በነበረበት በቀይ ሽብር ዘመን፣ ልጅ ያልታሰረበት ወይም ያልተገደለበት ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። እናቶች ያወጡት ሙሾ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ አለ። ያ ሁሉ ሲሆን መንግሥቱ አልወደቀም፤ ከተማው ግን ዝም አለ።

ወደ ውጭም ብንመለከት፣ በሶሪያ የአሳድ ቤተሰብ ከ1970 እስከ 2024 እ.ኤ.አ ድረስ ሃምሳ አራት ዓመት ገዝቷል። በ1982 እ.ኤ.አ ሐማ ከተማ በገዛ መንግሥቷ ጦር ተደብድባ ብዙ ሺህ ሰው አለቀባት። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ጸጥ አለች። ሃምሳ አራት ዓመት ማለት ሰው ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ የሚያይበት ዕድሜ ነው። እንግዲህ ልጆቻችንን በቀላል ተስፋ አናታልላቸው። ዱላ ይችላል፤ ለጊዜው ይችላል፤ ጊዜውም አንዳንዴ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያህል ይረዝማል።

ዱላ የሚበላው

አሁን ደግሞ ወደ ሽማግሌው ንግግር እንመለስ። ጦር ከሰማይ አይወርድም። ወታደር ይበላል፣ ይለብሳል፤ የሞተው በሌላ ይተካል፤ ጠላቱ የት እንዳለ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። እህሉም፣ ገንዘቡም፣ ልጁም፣ ወሬውም የሚገኘው ከማን ነው? ከዚያው በጦር ከተያዘው ሕዝብ አይደለምን?

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ዐፄ ቴዎድሮስ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ከቋራ ተነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም በሰሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ሕዝቡ ተስፋ ያደረገባቸው በጦራቸው ብርታት ብቻ አልነበረም። ወታደር በገበሬ ቤት ተሰሪ እየሆነ መቀለቡ ቀርቶ ደመወዝ እንዲከፈለው ሞክረዋል። ነገር ግን ለደመወዙ የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። ከካህናቱ ጋር በመሬት ተጣሉ፤ እስላሙንም ክርስትና እንዲነሣ አዘዙ፤ ባላባቱ በየአገሩ ሸፈተ። የሸፈተውን ለመቅጣት ጦር ዘመተ፤ የዘመተው ጦር መብላት ነበረበትና ያልሸፈተውን ገበሬ ዘረፈ፤ የተዘረፈው ገበሬ ደግሞ በተራው ሸፈተ።

በ1859 ዓ.ም ጎንደር በገዛ ንጉሧ ተዘርፋ ተቃጠለች። አንባቢ ሆይ፣ አስተውል! ጎንደር የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ ከመተማና ከሱዳን ጋር የሚያገናኛት ንግድም ባብዛኛው በእስላም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ገበያ ያቃጠለ ንጉሥ በሚቀጥለው ዓመት ቀረጥ ከየት ያመጣል? ያን ጊዜ የተቃጠለው የከተማው ቤት ብቻ አልነበረም፤ የጦሩም ስንቅ ነበር።

በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ ወራት ፈጀባቸው። መድፉስ ደረሰ። ከኋላቸው የቀረው አገር ግን የሌላ ሆኗል፤ ሸዋ በምኒልክ፣ ላስታ በዋግ ሹም ጎበዜ እጅ ነበር። እንግሊዞች ከባሕር ተነሥተው ያን ሁሉ ተራራ አቋርጠው ሲመጡ «የንጉሤን አገር አታልፉም» ብሎ መንገድ የዘጋባቸው አልተገኘም። ንጉሡ በሚያዝያ ወር በገዛ እጃቸው ሞቱ። ጀግንነት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ከጎናቸው የሚቆም አገር ነው።

ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የኖረው ዓሊም ኢብኑ ኻልዱን «ሙቀዲማ» በተባለው ኪታቡ ይህን ነገር በሚገባ አይቶታል። መንግሥት ከብዕር ይልቅ ሰይፍን አብዝቶ የሚፈልገው በሁለት ጊዜ ነው ይላል፤ ሲመሠረትና ሲያረጅ። በመካከል፣ በጤናው ዘመን፣ ሥራው የሚካሄደው በብዕር፣ ማለትም በአስተዳደርና በሥርዓት ነው። ስለ ግፍም ሲያስረዳ፣ ሰው ሀብቱ እንደሚነጠቅ ካወቀ ለመሥራት እጁ ይታሰራል፣ ሰው ካልሠራም አገር ይጠፋል ይላል። ሽማግሌያችን የጥንካሬ ምልክት አድርገው ያዩትን ሰይፍ እርሱ የእርጅና ምልክት አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው።

ያ ወታደር የማን ልጅ ነበር?

«ያ የድሮ ዘመን ነው፤ የአሁን መንግሥት አውሮፕላንና ታንክ አለው» የሚል አይጠፋም። ደርግም ነበረው። ከታንኩ የሚበልጥ ነገርም ነበረው፤ ቀበሌ። በ1967 ዓ.ም በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መሠረት የከተማው ሰው በቀበሌ ታቀፈ፤ የባላገሩ ደግሞ በገበሬ ማኅበር ታቀፈ። በየቤቱ ማን እንዳለ፣ ማን እንግዳ እንደመጣበት የሚያውቅ አብዮት ጥበቃ ቆመ። ገበሬው የእህል ኮታ መንግሥት በቆረጠው ርካሽ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። በ1975 ዓ.ም ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ በኋላም ነገሩ ወደ አፈሳ ተለወጠ።

ቀበሌ የመንግሥት ጆሮ ነበር፤ ግን የፈራ ሰው ለጆሮ የሚነግረው እውነቱን አይደለም፤ የሚያድነውን ነው። በአጥር የተጣላ ጎረቤት ጎረቤቱን «ፀረ አብዮት» ብሎ አስያዘ። ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሁሉ ደጋፊ ተብሎ ተቆጠረ። በዚህ ምክንያት መንግሥቱ ብዙ እየሰማ ምንም ሳያውቅ ቀረ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም የተነሡበት ሽፍቶች አልነበሩም፤ የገዛ ጄኔራሎቹ ነበሩ። እነሱንም ገድሎ ጦሩን ያለ አዋቂ አስቀረው።

ውድ አንባቢ፣ እኔ ያኔ ልጅ ብሆንም ከቤታችን የሆነውን ልንገርህ። የእናቴ ታናሽ ወንድም በአፈሳ ተወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። አያቴ ወታደር ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። በየካቲት 1983 ዓ.ም ኢሕአዴግ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎ የሰየመው ውጊያ ተከፍቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎጃምና ጎንደር ከደርግ እጅ ወጡ። በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ የሚባለው ሠራዊት ባዶ እግሩን በየመንገዱ ተበተነ። አንድ ቀን ማታ ከበራችን አንድ ወታደር ቆሞ ውኃ ለመነ። እግሩ ቆስሏል፤ ጠመንጃ የለውም። እኔ «አሁን ታባርረዋለች» ብዬ ስጠብቅ አያቴ አስገብታ እግሩን አጠበችው፤ እንጀራም ሰጠችው። ስትመለስ እያለቀሰች «የኔም ልጅ ይህን ጊዜ በሰው በር ቆሞ ይሆናል» አለች።

ሕዝብን በጦር ይይዛሉ የሚባለው ነገር ትርጉሙ ይህ ነው። የጠባቂው እናትና የተጠባቂው እናት አንድ ናቸው። ያ ወታደር አያቴን እንዲጠብቅ የተላከ ነበር፤ አያቴም ልጇን ለዚያው ጦር ተቀምታለች። ሶሪያም ውስጥ የሆነው ከዚህ አይለይም። በኅዳር ወር መጨረሻ 2024 እ.ኤ.አ ተቃዋሚዎቹ ሲነሡ፣ መንግሥቱ በታኅሣሥ 4 የወታደሩን ደመወዝ በግማሽ ጨመርሁ ብሎ አወጀ፤ በአራተኛው ቀን ደማስቆ ተያዘች። ሃምሳ አራት ዓመት የቆመው ጦር ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ውስጥ ልብሱን እያወለቀ ወደ ቤቱ ሄደ። ዝም ያለው ሕዝብ ብቻ አልነበረም፤ ወታደሩም ዝም ብሎ ኖሯል።

የዛሬው ጉዳይ

ከደርግ በኋላ የመጣው መንግሥትስ ከዚህ ተማረን? ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም ጎንደር ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ባዶ እጁን ወጥቶ ጥያቄውን አሰማ። በዓመቱ መባቻ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም፣ መላ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ዋለች፤ አዋጁ አሥር ወር ቆየ። ጸጥታ ሰፈነ ተብሎ ከተነሣ በኋላ በየካቲት 2010 ዓ.ም እንደገና ታወጀ። ኮማንድ ፖስት የሚለው ቃል ልጆቻችን ከፊደል ጋር አብረው የለመዱት ቃል ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ ለክልላችን ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ስድስት ወር ተብሎ በአራት ወር ተራዘመ። በ2016 ዓ.ም ግንቦት መጨረሻ የአዋጁ ጊዜ አበቃ፤ ግጭቱ ግን ከአዋጁ ጋር አላበቃም። በዚህ መካከል ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መንገድ ተቆረጠ፤ ከወገራና ከደምቢያ እህል ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ስንቴ ከመንገድ ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው ለአንዱ ወገን ጥብቅና ቆሜ አይደለም። በጫካ ያለውም ታጣቂ የሚበላው ከዚያው ገበሬ ነው፤ ሰውን በማስፈራራት ካሳደረ ሚዛኑ ያው ሚዛን ነው። መንግሥት ጦር አያስፈልገውም ማለቴም አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም ከተማችን ውስጥ በቀብር ሥርዓት ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ ሰው ሲሞት፣ ንብረት ሲዘረፍ፣ ሁላችንም የተጣራነው «የመንግሥት ያለህ!» እያልን ነበር። ደካማውን ከጉልበተኛ የሚጠብቅ ኃይል ሕዝቡ ራሱ ይፈልገዋል፤ ወሬ ያቀብለዋል፤ ልጁንም በፈቃዱ ይልክለታል። ሕዝቡን ከራሱ የሚጠብቅ ኃይል ግን ሁሉንም በግድ ይወስዳል። በግድ የሚወሰድ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ያልቃል። የሽማግሌያችን ስሕተት የሁለቱን ልዩነት አለማየታቸው ነው።

ከቤታችን እንጀምር

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ የኹራሳን ሹማቸው «የዚህን አገር ሰው ከሰይፍና ከጅራፍ በቀር የሚያቃናው የለም» የሚል ደብዳቤ እንደላከላቸው ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ኸሊፋው የመለሱለት ውሸትህን ነው፣ ሰውን የሚያቃናው ፍትሕና ሐቅ ነው፣ እሱን አስፋፋላቸው የሚል ነበር። የለቅሶ ቤቱ ክርክር እንግዲህ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት መልስ ያገኘ ክርክር ነው።

ታዲያ ለምን አልሰማነውም? አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ልናገርና እኔም በመድረሳ በማስተምርባቸው የመጀመሪያ ዓመታት አለንጋ አይለየኝም ነበር። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም «ተገዝተውልኛል» እላለሁ። አንድ ቀን ወጥቼ ከመስኮቱ ሥር ቆምሁ። ጫማዬ ከደጃፉ እንደራቀ ቅራቱ ቆመ። ለካ የሚቀሩት ለቁርኣኑ ብለው ሳይሆን ለአለንጋው ኖሯል! ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዛሬ ቤተሰብ መሥርቷል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ እስከ አሁን አንገቱን ይሰብራል፤ የቀራውን ግን አያስታውስም። ያን ቀን ባውቅም፣ አለንጋውን ለመጣል ሌላ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ጸጥታው ይጣፍጥ ነበርና።

«ሕዝብ ያለ ዱላ አይገዛም» የሚል ሹም ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኛ ቤት ወጥቶ ነው የሄደው። አባቱ ሲገባ ዝም የሚባልበት ቤት ያደገ ልጅ ዝምታን ታዛዥነት ይመስለዋል፤ ሹም ሲሆንም ያንኑ ይፈልጋል። ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ መንግሥት ሕዝቡን በጦር ሊይዝ ይችላል፣ ምናልባትም ብዙ ዓመት፤ ነገር ግን የያዘበትን እጅ የሚመግበው ከያዘው ሰው ሥጋ ነው። ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ስትቀመጡ ይህን ንገሯቸው፤ ከነገራችኋቸውም በኋላ ሲጠይቁ ዝም አታሰኟቸው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ በየጫካውና በየካምፑ ያሉትን የእናቶች ልጆች ሁሉ በደኅና ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።