«ሩትስ»፦ የዘር ሐረግ ወይስ ልብ ወለድ?

አሌክስ ሄሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው «ሩትስ»፣ ከጋምቢያ የተፈነገለው አያት ቅድመ አያቱ ኩንታ ኪንቴ በ1767 በመርከብ አናፖሊስ ደርሶ፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ቨርጂንያ «ቶቢ» ተብሎ መሸጡን ከመዝገብ አረጋገጥሁ ይለናል። በ1981 ግን ጋሪ ሚልስና ኤልዛቤት ሾውን ሚልስ መዛግብቱን አገላብጠው፣ ያ ቶቢ መርከቧ ከመድረሷ 5 ዓመት ቀድሞ በ1762 በዎለር ቤተሰብ እጅ እንደነበረ አሳዩ።

እኔ መጽሐፉን አልጥለውም። ጌታው ባሪያውን የመዘገበው ለግብርና ለውርስ ነው፤ የአባቱን ስም ይጽፍለታል ተብሎ አይጠበቅም። ይህን ክፍተት በልብ ወለድ መሙላት የደራሲ መብት ነው። የምነቅፈው፣ ሄሊ በምናቡ የሞላውን ከመዝገብ እንደተገኘ አድርጎ ማቅረቡን ነው። ያልተገኘውን «አልተገኘም» ቢለን ኖሮ፣ ባርነት ከሰው ምን እንደቀማ ይበልጥ ይገባን ነበር።