ጓዳም ታሪክ አለው

ሰው ስለ ራሱ ሕይወት ሊጽፍ ብዕር ባነሣ ጊዜ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ትምክሕት፥ ሁለተኛውም እፍረት ነው። ትምክሕት ያልሠራውን ሠራሁ ያሰኘዋል፤ እፍረት ደግሞ የደረሰበትን ሁሉ ያስደብቀዋል። በኛ አገር ከትምክሕት ይልቅ እፍረት ይበረታል። ይልቁንም የምትጽፈው ሴት የሆነች እንደሆነ «የጓዳሽን ነገር ለምን አደባባይ ታወጪዋለሽ?» የሚላት አይታጣም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የቆየ ተረትም እስካሁን ከአፋችን አልወጣም። እንግዲህ አንዲት ሴት ስለ ኑሮዋ፥ ስለ ቤቷና ስለ ምኞቷ ብትናገር ለአንባቢ ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ አንድ መጽሐፍ ይዘን እንመርምረው።

ስለ ራሳቸው የጻፉ ታላላቅ ሰዎች አሉን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፍ ትተዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም «ትዝታ»ን ጽፈውልናል። እነዚህ መጻሕፍት ስለ መንግሥትና ስለ ጦርነት ብዙ ያስተምራሉ። ሆኖም ያ ሁሉ ሰው ሲዘምት ስንቁን ማን ፈጨ፥ ልጁን ማን አሳደገ፥ የሞተበትን ማን አለቀሰለት ብሎ የሚጠይቅ ወጣት መልሱን በሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።

ከሴቶች ወገን ቀድመው ብዕር ካነሡት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስዊስ አገር ተምረው፥ በጠላት ወረራ ዘመን በአዚናራ ደሴት ታስረው፥ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት መርተው፥ እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ግጥምና ተውኔት የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ»ንም በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ። ነገር ግን ወይዘሮ ስንዱ የተማሩ ነበሩ። ልብ ኖሯት ፊደል ያልነበራት ሴትስ ቃሏን በማን በኩል ታድርስ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው፥ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሚስት ትረካ» የሚሆነው የወይዘሮ አይዳ እደማርያም ሥራ ነው። በጋዜጠኝነት ሙያ የሚታወቁት ወይዘሮ አይዳ በመጽሐፉ የጻፉት የአያታቸውን የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት ነው። ወይዘሮ የተመኙ በጎንደር ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት ተወልደው፥ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ከሃያ ዓመት በላይ ለሚበልጧቸው ካህንና ባለቅኔ ለአለቃ ጸጋ ተዳሩ። የጣሊያንን ወረራ፥ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመንና የአብዮቱን ማዕበል አዩ፤ ልጆች ወልደው አሳደጉ፥ ልጆችም ቀበሩ። ባላቸው በታሰሩ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አቤት አሉ። ፊደል የለዩት በእርጅናቸው ነው። መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ዐረፉ።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብልጫ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ጸሐፊዋ ትረካውን በወሮቻችን ስም ከፋፍለውታል። የታሪክ ጸሐፊ ዘመንን በነገሥታት ስም ይከፍላል፤ የቤት እመቤት ግን ዘመኗን የምታውቀው በዝናቡና በአዝመራው፥ በጾሙና በፍስኩ ነው። መስከረም ሲጠባ፥ የነሐሴ ጾም ሲገባ፥ እህሉ ሲደርስ ቤቷ ምን እንደሚጠይቃት ታውቃለች። ይህ ከውጭ የመጣ የአጻጻፍ ዘዴ ሳይሆን ከኑሮው ከራሱ የተገኘ ሥርዓት በመሆኑ፥ አንባቢው አገሩን በማዕድ ቤት በር በኩል ገብቶ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር የአንድን ስፍራ መንፈስ አጉልቶ ለሚያሳይ መጽሐፍ የሚሰጠውን የኦንዳቼ ሽልማት ማግኘቱም የተገባ ነው።

ሁለተኛው ብልጫ እውነተኛነቱ ነው። የትዳሩን ክብደት አልሸሸገም፤ በባልየውም ላይ ፍርድ ለመስጠት አልቸኮለም። ሕፃን ሆነው የተዳሩትን ወይዘሮ የተመኙን፥ ለታሰሩት ባላቸው ሲሟገቱ ስናያቸው ሰው አንድ ወጥ ፍጥረት እንዳይደለ እንረዳለን። ዛሬ ሕጋችን የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። ሕግ ግን ክልከላውን ይነግረናል እንጂ የተከለከለው ነገር በአንዲት ልጅ ነፍስ ላይ ምን እንደሚያደርስ አይነግረንም። ያን የምትነግረን የኖረችው ሴት ብቻ ናት። «ገመና መሸፈን አለበት» የሚሉ ሰዎች ይህን ያስተውሉ። የወንድምን ነውር ለመዘባበቻ አለመግለጥ መልካም ጠባይ ነው፤ በእናት የደረሰው በልጅ እንዲደገም ዝም ማለት ግን ጨዋነት አይባልም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላልና።

መጽሐፉ የሚነቀፍበት ነገርም አለው። ብዙውን ጊዜ በልብ ወለድ አካሄድ ስለሚሄድ፥ አንዳንድ ቦታ የምንሰማው አያቲቱ ያሰቡትን ይሁን የልጅ ልጃቸው የገመቱትን ለመለየት ያስቸግራል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን ቋንቋው ነው። የወይዘሮ የተመኙ ልቅሶ፥ ጸሎትና ምርቃት በአማርኛ የተነገረ ነበር፤ ወደ ዓለም የወጣው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህን የምንለው ጸሐፊዋን ለመውቀስ አይደለም፤ ባይጽፉት ኖሮ ከነጭራሹ በጠፋ ነበር። የሚወቀሰው አያቱን በገዛ ቋንቋዋ መጠየቅ ሲችል ሳይጠይቅ የቀረው የአገር ቤት ልጅ ነው።

የተመኙ የሚለው ስም ራሱ ከምኞት የወጣ ነው። ወላጆች ልጅ ተመኝተው ያወጡታል። ልጂቱ ራስዋ ምን ተመኘች ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መጽሐፉ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው ይህን ጥያቄ ስለ ጠየቀ ነው።

ይህ ጥያቄ በአዊም ምድር ይጠየቃል። የእንግሊዙ ቆንስል ቺዝማን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በዳንግላ ተቀምጠው ነበር፤ በ1936ም ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ያዩትን በመጽሐፍ አሳተሙ። ወንዙና ሐይቁ በባዕድ እጅ መጽሐፍ ሲያገኙ፥ በዚያው ዘመን በዳንግላ ገበያ ቅቤና እህል ትሸጥ የነበረችው ሴት ስለ ቤቷና ስለ ተስፋዋ ምን ታስብ እንደ ነበር በእጃችን የደረሰ ጽሑፍ የለም።

የሰባት ቤት አገው ትውፊት ሰባት ወንድማማቾችን ያነሣል፤ አንከሻ፥ ባንጃና ዚገም የመሳሰሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይጠራሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፥ ፈረስ በዐድዋና በአርበኝነት ዘመን የሠራው ውለታ ይታወሳል። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን ለዘማቹ በሶውን ያዘጋጀችው፥ ፈረሰኛው ሳይመለስ ሲቀር ቤቱን ያቆመችውስ? የወንድማማቾቹን ስም ጠብቀን ያቆየን ሰዎች የእኅቶቻቸውን ስም ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን?

ዛሬ ሰበቡ ሁሉ ተወግዷል። አዊንጊ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ በእንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። የቀርቀሃ አጥር ባለው ግቢ፥ በእንጅባራ ብርድ፥ ምድጃ ዳር ተቀምጣ በአዊንጊ የምታወጋ አያት ያለው ወጣት፥ ወይዘሮ አይዳ ያላገኙትን ዕድል አግኝቷል። የሰማውን በሰማበት ቋንቋ ሊጽፈው ይችላልና። እርስዋ ካለፈች በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲም ቢሆን አይመልሳትም።

ስለ ራስሽ ለመጻፍ የምታስቢ እኅቴ ሆይ፥ ከዚህ መጽሐፍ ሦስት ነገር ተማሪ። አንደኛ፥ ትልቅ ነገር አልደረሰብኝም ብለሽ አትተዪ። እንጀራው ስንት ጊዜ እንደ ተጋገረ፥ ውሃው ከየት እንደ ተቀዳ፥ የትምህርት ቤቱ መንገድ በክረምት ምን ይመስል እንደ ነበር ጻፊ፤ ታላቁ ነገር በትንሹ ውስጥ ነው ያለው። ሁለተኛ፥ በሌላው ላይ የምታዪውን ጉድለት በራስሽም ላይ እዪ፤ የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይባልብሽ። ሦስተኛ፥ ምኞትሽን አትፈሪው። ሐኪም ልሁን፥ ነጋዴ ልሁን፥ መልካም ቤት ልሥራ ብሎ መመኘት ትምክሕት አይደለም። ትምክሕት የሚሆነው ገና ያልደረሱበትን ደርሻለሁ ማለት ነው።

ወጣቶች ወንድሞቼም ይህ ምክር ለሴቶች ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። እናንተ ስለ እናታችሁ የምታውቁትን በአንድ ገጽ ለመጻፍ ሞክሩ፤ ገጹን ሞልታችሁ ብዕራችሁን ያላስቀመጣችሁ እንደሆነ የቤታችሁን ታሪክ ታውቃላችሁ ማለት ነው። ከግማሽ ላይ የቆመባችሁ ግን እናታችሁ በሕይወት ሳለች ሂዱና ጠይቋት።