ማርሹ ከመሪው ሥር ሲሆን

አሮጌ የአሜሪካ ፒካፕ ገዝቶ ጋራዣችን የሚመጣ ሰው ከሞተሩ በፊት የሚያማርረው ማርሹን ነው። «ይሄን ከመሪ ሥር ያለ ነገር ንቀልልኝና ወለል ላይ አድርግልኝ» ይለኛል። ወለሉን በስቶ ሌቫ መትከል ከባድ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ላሜራ ከመቁረጤ በፊት ኮፈኑን ከፍቼ ጎንበስ ብሎ ታች ያለውን እንዲያይ አደርገዋለሁ። እጁን ያስመረረው ችግር እጁ አጠገብ እንደሌለ ሲያይ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል።

ማርሽን ከመሪው ሥር ማድረግ ያለ ምክንያት አልመጣም። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1938 ጀመረው፤ የሼቭሮሌ ፒካፖች በ1948 ተከተሉ። ወለሉ ነፃ ሲሆን ጋቢና ውስጥ ሦስት ሰው ጉልበቱን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ለገበሬና ለቀን ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ባለሦስት ማርሹን እስከ 1987 ድረስ በፒካፖቹ ላይ አቆይቶታል። አገር ቤት ፔጆ 404 የነዳ ሰውም ለነገሩ እንግዳ አይደለም፤ እሷም ማርሿ ከመሪው ሥር ነበር፣ ያውም አራት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሪውን ከተሸከመው ቱቦ፣ እዚህ ሁላችንም ኮለም ከምንለው፣ ውስጥ የመሪው ዘንግ ያልፋል። ሌቫው የሚያዞረው ይህን ዘንግ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሌላ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ሲወርድ ጫፉ ላይ ሁለት ክንዶች አሉ። አንዱ የአንደኛና የኋላ ማርሽ፣ ሌላው የሁለተኛና የሦስተኛ ነው። ሌቫውን ወደ ራስህ ስትስበው አንዲት የብረት ምላስ የመጀመሪያው ክንድ ውስጥ ትገባለች፤ ወደ ፊት ስትገፋው ወደ ሁለተኛው ትሻገራለች። ስበህ ወደ ታች አንደኛ፣ ገፍተህ ወደ ላይ ሁለተኛ፣ እዚያው ወደ ታች ሦስተኛ።

ምላሷ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው የምትሻገረው ሁለቱም በፎሌ ቦታቸው ትክክል ፊት ለፊት ሲቆሙ ብቻ ነው። ከክንዶቹ ወደ ካምቢዮ የሚሄዱት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ቡሽንግ አላቸው፤ እሱ ተበልቶ ሲያልቅ አንዱ ክንድ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ምላሷም መሀል ላይ ትነክሳለች። ያኔ ሾፌሩ ትራፊክ መብራት ላይ ወርዶ ኮፈን ይከፍትና ክንዶቹን በእጁ ገፍቶ ያስተካክላል። አሮጌ ፒካፕ የነዱ ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ከኋላቸው ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ የነበረው ግን አይስቅም።

ለዚህ መድኃኒቱ የጥቂት ብር ቡሽንግና ትዕግሥት ነው። ዘንጎቹን ፈትቼ ካምቢዮው ላይ ያሉትን ሁለቱንም ክንዶች ፎሌ ላይ አቆማለሁ። ከዚያ ኮለሙ ሥር ባሉት ክንዶች ቀዳዳዎች ውስጥ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ አሳልፋለሁ። ዘንጉ ካልገባ ክንዶቹ ገና አልተስተካከሉም ማለት ነው። የዘንጎቹን ርዝመት የማስተካክለው ጫፋቸው ምንም ሳይገፋና ሳይሳብ ቦታው እስኪገባ ነው፤ ዳዶውን የማጠብቀው ከዚያ ወዲያ ነው። «ትንሽ ገፋ ብታደርገው ይገባል» የሚል ሠራተኛ ካለ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ኮለሙ ራሱ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። ሌቫው የተሰካበት አንገት ይሰነጠቃል፣ የላይኛው ኩሽኔታ ያልቃል፣ ወይም ባለቤቱ ካምቢዮውን አውቶማቲክ ማድረግ ይፈልጋል። እኔ ግን ሳልጠየቅም ቀይሩ የምለው አንድ ምክንያት አለ። ከ1947 ጀምሮ ለዓመታት በተሠሩት የሼቭሮሌ ፒካፖች ላይ የመሪው ዘንግ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ታችኛው ጫፉ የመሪው ጥርስ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ከፊት ግጭት ቢመጣ ሾፌሩ ደረት ላይ የተቀሰረ ጦር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የቤት መኪና አምራቾችን በግጭት ጊዜ መሪው ብዙ ወደ ኋላ እንዳይገፋ እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው በ1968 ነው፤ ፒካፖቹ ግን እስከ 1981 ቆይተዋል። ስለዚህ መልኩን ጠብቁልኝ የሚል ደንበኛ ከመጣ ማርሹን እዚያው ከመሪው ሥር አቆይለታለሁ፣ ዘንጉን ግን አልምረውም።

ያን ወጥ ዘንግ ለመተው ሳጥኑም አብሮ ይቀየራል። አዲሱ ኮለም ከአዲሱ ሳጥን ጋር በክሮቼራ ይገናኛል። ሁለት ክሮቼራ ካለ መሀል ባለው ዘንግ ላይ ሹካዎቻቸው በአንድ መስመር መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ መሪው በአንድ ዙር ውስጥ አንዴ ይቀላል አንዴ ይከብዳል። ሦስተኛ ከተጨመረ መሀል ላይ ዘንጉን የሚይዝ ኩሽኔታ ግድ ነው፤ ያለሱ ዘንጉ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ዘንጎቹ በማዕዘን መሰበራቸው ሌላም ጥቅም አለው፦ ከሳጥኑ እስከ ደረት ያለው ቀጥታ መስመር ይቋረጣል።

ከአሮጌ መኪና ማከማቻ የመጣ ኮለም ሲገጠም አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዘንጉ እምቢ ሲለው መዶሻ አነሳ። «ጋሼ፣ ከላይ ትንሽ ላስነካው?»

«አስቀምጥ። ውስጡ ፕላስቲክ ነው።»

በግጭት ጊዜ አጥሮ እንዲታጠፍ የተሠራ ኮለም ውስጥ የዘንጉን ሁለት ክፍሎች አያይዘው የሚይዙት ቀጫጭን የፕላስቲክ ፒኖች ናቸው። ሆን ተብሎ ደካማ ተደርገዋል። ዘንጉን ጫፉ ላይ በመዶሻ ብትመታው ፒኖቹ ይቆረጣሉ፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። መሪው የሚነቀለው ሁልጊዜ በመንቀያ ነው። አሮጌ ኮለም ስገዛም የማየው የመጀመሪያው ነገር ቀለሙን አይደለም፤ ሁለቱን ጫፎች ይዤ እስባለሁ፣ እገፋለሁ። ከተንቀሳቀሰ አልገዛም። ከፍ ዝቅ በሚለው ዓይነት ላይ ደግሞ መሪው ከጎን ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው ውስጥ ያሉት አራት ብሎኖች መላላት ነው። ራሳቸው የኮከብ ቅርጽ ስለሆነ በተራ መፍቻ አይያዙም፤ እነሱ ጋ ለመድረስም የኮለሙን ራስ ሙሉ መፍታት ያስፈልጋል።

ወደ አውቶማቲክ ሲዞር ሥራው ሌላ ነው። ቱርቦ 350 የሚባለው ካምቢዮ ከፓርክ እስከ አንደኛ ስድስት ቦታ አለው፤ ከ1982 ጀምሮ የመጣው 700አር4 ሰባት። የድሮው ኮለም ውስጥ ሌቫው የሚያርፍበት ደረጃ ደረጃ የተቆረጠ ላሜራ አለ። የተቆረጠው ለስድስት ከሆነ ሰባተኛው የሚገባበት የለም፤ ጠቋሚው አንድ ይላል፣ ካምቢዮው ሌላ። ላሜራውም ጠቋሚውም አብረው ይቀየራሉ።

ከኮለሙ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ዘንግ የማስተካክለው ከፓርክ ጀምሬ ነው፤ ድራይቭ ላይ ትንሽ ስህተት ቢኖር ዘይት ያሞቃል፣ ፓርክ ላይ ያለች ስህተት ግን ሦስት ሺህ ፓውንድ ብረት ቁልቁለት ላይ ትለቃለች። ከዚያ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጌ ፍሬን ረግጬ ሌቫውን በእያንዳንዱ ቦታ አቆምና ቁልፉን አዞራለሁ። ሞተሪኖው ከፓርክና ከፎሌ ውጭ በአንድ ቦታ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ይህን የሚከለክለው ማብሪያ ላልቶ ተነቃንቋል፣ ዳሽቦርዱ ሥር ተመልሼ እገባለሁ።