በአንድ ካርድ

የታመመ ሰው ይዞ ወደ ክፍላችን የሚገባ ቤተሰብ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ሲስተር፣ መጠጡ ነው ያሳመመው ወይስ ታሞ ነው የሚጠጣ?» እናት «ታሞ ነው» ቢባልላት ትመርጣለች፤ የልጇ ጥፋት አይሆንማ። ሚስት ደግሞ «መጠጡ ነው» ቢባል ትወዳለች፤ መጠጥ ይተዋላ። እኔ ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው፦ የትኛው እንደቀደመ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም፣ ሁለቱንም ግን ዛሬውኑ ማከም እንጀምራለን።

ፀዳ ከአዘዞ አልፎ በማክሰኚት መንገድ ላይ ያለች፣ ከከተማም ከገጠርም ሰው የሚመጣባት ቦታ ናት። እዚህ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ስሠራ አጥብቄ የያዝኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የቆየው አሠራር እንዲህ አልነበረም። የሚጠጣ ሰው ድባቴውን ሊታከም ሲሄድ «መጀመሪያ መጠጡን ትተህ ና» ይባላል። ከሱስ ለመውጣት የሄደው ደግሞ ድምፅ ይሰማኛል ሲል «መጀመሪያ አእምሮህን ታከም» ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ ሲመላለሱ ቆይተው መጨረሻ ላይ የትም መሄድ ያቆሙ ሰዎች አሉ። ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱም በሽታ የሚኖረው በአንድ ሰው ውስጥ ነው፣ ካርዱም አንድ መሆን አለበት።

ኤድዋርድ ካንዚያን የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው ሱስ የሚይዘው እንዲያው በዘፈቀደ ሳይሆን የሚያሠቃየውን ስሜት ለማስታገስ ሲል ነው ብሎ ነበር። ለሁሉም ሰው የሚሠራ ሐሳብ አይመስለኝም። ከቆላ የሚመለሱትን ወጣቶች ስሰማ ግን ትዝ ይለኛል። ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሙቀቱንና ድካሙን በጫት ይገፋዋል። ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክለው በአረቄ ይጨብሳል። ሲነጋ ሃራራው ይነሣበታል፤ ጫቱን ልተው ያለ ቀን ደግሞ ሌሊቱን ዱካክ ሲያስጨንቀው ያድራል፣ ያንን ለመሸሽ ተመልሶ ይቅማል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ባየው ጦርነት የሞተ ጓደኛውን በሕልሙ እያየ የሚባንን ሰውም ተጨምሮበታል። እንዲህ ያለ ወጣት «ሰዎች ይከታተሉኛል» ሲለኝ፣ ጫቱ ይሁን፣ ያየው ነገር የተወበት ፍርሃት ይሁን፣ ጀማሪ የአእምሮ ሕመም ይሁን በአንድ ቀን ምርመራ ማንም አይለየውም።

ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚረዳኝ የጾምና የበዓል ቀን ነው። «ድባቴው መቼ ጀመረህ?» ብዬ ብጠይቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። በበዓል ስጠይቀው ግን ወሬው ይፈታል።

«ሁዳዴንስ ጠጥተህ ነበር?»

«ኧረ ሁዳዴንስ አልጠጣም።»

«እንቅልፍህ እንዴት ነበር?»

«የመጀመሪያውን ሰሞን ምንም አልተኛሁ። ደብረ ዘይት ሲደርስ ግን ደህና ሆንሁ፣ እህልም በላሁ።»

ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው፤ ጾሙ ከተያዘ አራት ሳምንት ይሆነዋል። መጠጥ ያመጣው ድባቴ አብዛኛውን ጊዜ መጠጡ ከቆመ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀላል። እንግዲህ ይህ ሰው እኔ ሳላዝዘው ራሱን መርምሮ ውጤቱን ይዞልኝ መጥቷል ማለት ነው። ሌላው ግን «ሁዳዴን ሙሉ ሳልቀምስ እንኳ ሞቴን እመኝ ነበር» ይለኛል። ለዚህኛው የድባቴ መድኃኒት ለማስጀመር ሌላ አራት ሳምንት አልጠብቅም። ራሱን ሊጎዳ አስቦ እንደሆነም በግልጽ እጠይቀዋለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ቤተሰቡንም ለብቻ ጠርቼ የተባይ መርዝ እቤት ካለ እንዲያወጡት ወይም እንዲቆልፉበት እነግራለሁ። ክኒኑንም ለሳምንት ለሳምንት ብቻ እሰጣለሁ፣ የምታስቀምጠውም እናቱ ናት።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። በየቀኑ ብዙ አረቄ ለዓመታት የጠጣ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። የመጨረሻውን መለኪያ ከጠጣ በሰዓታት ውስጥ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ላብም ያጠምቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ የት እንዳለ አለማወቅ ይመጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ፀበል ላይ ነው፤ ሰው መጠጥ ትቶ የሚገባበት ቦታ ስለሆነ። ቤተሰቡ ሲንቀጠቀጥና ሲጮህ ሲያየው መንፈሱ ሊለቀው ነው ብሎ ይጠብቃል። ፀበል መሄዱን አልቃወምም፤ ብዙዎች ከእኛ መድኃኒት ያላገኙትን ተስፋና ሰው የሚያገኙት እዚያ ነው። አጥማቂዎቹን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ ጠጪ የነበረ ሰው በገባ በዚያው ሳምንት ላብና መንቀጥቀጥ ከያዘው ዛሬውኑ ላኩልን፣ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይጠመቃል። እኛ ዘንድ ዲያዜፓም በመጠን ተሰጥቶት ቀስ በቀስ ይቀነስለታል፤ ግሉኮስ ከመሰቀሉም በፊት ቫይታሚን ቢ1 ይወጋል። ስለ ጮኸ ብቻ የእብደት ነው ብሎ ክሎርፕሮማዚን መስጠት መውደቁን ሊያብስበት ይችላል።

መድኃኒት ስንሰጥም የሚጠጣ ሰው መሆኑን ከልብ ማሰብ አለብን። ለድባቴ አሚትሪፕቲሊንም ፍሉኦክሰቲንም አሉን። አሚትሪፕቲሊን ከአረቄ ጋር ሲደባለቅ ያደነዝዛል፣ አብዝቶ የዋጠውንም ልብ ያቆማል፤ ስለዚህ ከተገኘ ፍሉኦክሰቲንን እመርጣለሁ። «ከመጠጥ ጋር አይሄድም» ብለን ብቻ ከላክነው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ክኒኑን ትቶ ይጠጣል። መምረጥ ካለበት የሚተወው ክኒኑን ነው። ስለዚህ የሚጠጣበትን ቀን ሳያፍር እንዲነግረኝ አድርጌ አብረን እንነጋገርበታለን።

ሴቶቹ እንዲህ በቀላሉ አይገኙም። ጠላና ኮረፌ የምትሸጥ፣ አረቄ የምታወጣ ሴት ቀኑን ሙሉ ስትቀምስ ትውላለች፤ ወደ እኛ የምትመጣው ግን «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ብላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው፤ እሷ ጓዳ ግን አይደርስም። ለእሷ «አትጠጪ» ማለት ልጆችሽ አይብሉ እንደማለት ይሆናልና ከመድኃኒቱ እኩል ስለ ሌላ ገቢ ማውራት አለብን።

ደህና የሆነ ሰው የሚመለስበት ጊዜ በአብዛኛው የታወቀ ነው፦ የጽዋ ማኅበር፣ ሠርግ፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። የማኅበር ጽዋ እምቢ ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከመድረሱ በፊት ሚስቱ ወይም ወንድሙ ለማኅበሩ መሪ ለሙሴው ሄደው እንዲነግሩ አደርጋለሁ፤ ብርዝ ይቀርብለታል፣ ማንም ሳይጠይቀው ይጠጣል። ቀጠሮውን ደግሞ ከበዓሉ በፊት አንድ፣ ከበዓሉ በኋላ በዚያው ሳምንት ሌላ እሰጠዋለሁ። ጠጥቶም ቢሆን እንዲመጣ እነግረዋለሁ። ሁለተኛውን ከቀረ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል እቤቱ ድረስ እናስጠይቀዋለን።