አራት ሜጋባይት ውስጥ የገባ ፊት

ከሚሴ ላይ በሰው እጅ የሚታየው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ አጣቦት «ቦታ የለም» እያለ ባለቤቱን የሚያማርር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይመዘግባል። ከሦስቱ እንዲህ ያለ ስልክ በገዛ ካሜራው ሊያየው የሚችለው ፊትን ነው። ግን ኔትወርክ ሳይጠይቅ፣ በዚያችው በጠበበች ሜሞሪ፣ ከፊቱ የቆመችው ሴት ፎቶው ላይ ያለችው ራሷ መሆኗን እንዴት ይለያል?

ለዚህ ሥራ እኔ የማደንቀው ሸንግ ቼንና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡትን ሞባይልፌስኔት የተባለ ፊት ለዪ ሞዴል ነው። ክብደቱ 4 ሜጋባይት፤ በቴሌግራም ከሚዘዋወር አንድ ረዘም ያለ መንዙማ ያንሳል።

የሚገርመኝ ማነሱ ሳይሆን የተቀነሰበት ቦታ ነው። 112 በ112 ነጥብ የሆነው ፎቶ እየጠበበ ሄዶ መጨረሻው 7 በ7 ገበታ ይሆናል፦ 49 ቤት፣ በየቤቱ 512 ቁጥር። ይህ ሁሉ ወደ 128 ቁጥር መጠቅለል አለበት፤ ሁለት ፎቶ የሚነጻጸረው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ሁሉን ከሁሉ ካገናኙት ይህ አንድ እርከን ብቻውን 3.2 ሚሊዮን ቁጥር ይበላል፤ መላው ሞባይልፌስኔት ግን አንድ ሚሊዮን አይሞላም። ሌሎች የ49ኙን አማካይ ወስደው ይገላገላሉ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ፤ የመሃሉ ቤት ዓይንና አፍንጫ ያያል፣ የጥጉ ቤት የሻሽ ጫፍ ወይም ከኋላ ያለ የቆርቆሮ አጥር። አማካይ ሁለቱን እኩል ያደምጣል። እነ ቼን ለየቤቱ የራሱን ሚዛን ሰጡት። በወረቀት ደምሬ አየሁት፦ ለሚዛኑ 25,088፣ ወደ 128 ለማውረድ 65,536፣ በቃ። ዘጠና ሺህ ከምናምን።

ኤልኤፍደብሊው በሚባለው የ13,233 ፎቶ መፈተኛ 99.55 በመቶ አግኝቷል። ፎቶዎቹ ከዜና የተለቀሙ የታዋቂ ሰዎች ስለሆኑ ቁጥሩን በከሚሴ ዙሪያ ላለ የጨፋ ገበሬ እንዳለ አላምነውም፤ በራሳችን ፊት መፈተን አለበት።

ከ128ቱ እያንዳንዱን ቁጥር አጠጋግተው በአንድ ባይት ቢያስቀምጡት፣ ስልኩ ፊት የቆመችው የዚያች ሴት ፊት 128 ባይት ይሆናል። የስልክ አጭር መልእክት 140 ባይት ነው፤ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ለሚጽፍ የከሚሴ ሰው 160 ፊደል ይይዝለታል፣ በግእዝ ፊደል ለሚጽፍ ጎረቤቱ 70 ብቻ። ፊቷ ከሁለቱም መልእክት አሥራ ሁለት ባይት ያንሳል።