የቪክቶሪያ ዘመን የሎንዶን ካርታዎችና አሳታሚዎቻቸው

ያረጀ የከተማ ካርታ በመስተዋት ተከቦ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዓይንን ደስ ያሰኛል። ለታሪክ ተማሪ ግን ካርታ ጌጥ ሳይሆን ምስክር ነው። ምስክርም ጥቅሙ ከማን ጋር እንደ ሆነ ሳይመረመር ቃሉ አይታመንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለት ከ1837 እስከ 1901 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የታተሙትን የሎንዶን ካርታዎች በዚህ ሚዛን መመዘን ነው።

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው አሳታሚ ኤድዋርድ ስታንፎርድ ነው። በ1862 ያወጣው ትልቁ የሎንዶን ካርታ በ24 ሉክ ወረቀት የታተመ ሲሆን፣ በመሬት ላይ ያለው 1 ማይል በወረቀቱ ላይ 6 ኢንች ይሆናል። መንገዱና የባቡር ሐዲዱ፣ መናፈሻውና ሜዳው በጥንቃቄ ስለ ተለየ ሥራው ምስጋና ይገባዋል።

ከአሜሪካ መጥቶ በሎንዶን የነገደው ጆርጅ ዋሽንግተን ቤከን ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ኤድዋርድ ዌለር በ1860ዎቹ መጀመሪያ «ዊክሊ ዲስፓች» ለተባለው ጋዜጣ ያዘጋጀውን ካርታ ሰሌዳ በእጁ አስገብቶ፣ አዲስ መንገድና ሐዲድ እየጨመረ በራሱ ስም ሸጠ። ይህ በዚያ ዘመን የተለመደ ንግድ ነበር። ሰሌዳ አዲስ መቅረጽ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ያለውን ማደስ ግን ርካሽ ነው። ከዚህ የተነሣ በአርእስቱ ላይ የተጻፈው ዓመት የቅየሳው ዓመት ላይሆን ይችላል፤ በአንድ ወረቀት ላይም የታደሰ ሰፈርና ሳይታረም የቀረ ሰፈር ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ዓመቱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ተማሪ ይሳሳታል።

ከዚህ የሚከፋው ጉድለት ግን ዝምታቸው ነው። የባለጸጋው አደባባይና ከጀርባው ያለው የድኻ ጉረኖ በአንድ ዓይነት መሥመር ተሥለዋል። በ1889 ቻርልስ ቡዝ የስታንፎርድን ካርታ መሠረት አድርጎ መንገዶቹን በ7 ቀለማት ለየ፤ ቢጫው ለሀብታሞች፣ ጥቁሩ ለመጨረሻዎቹ ምስኪኖች ሆነ። ጥናቱም ከሎንዶን ሕዝብ 30.7 በመቶው በድኽነት እንደሚኖር አስረዳ። እንግዲህ ጉድለቱ የቀራጩ እጅ አልነበረም፤ ካርታ ገዢው ያልጠየቀውን አሳታሚው አላሳየም።

የሆነ ሆኖ ቡዝም ከነቀፋ አያመልጥም። በጥቁር ቀለም የድኻውን ማጣትና የወንጀለኛውን ጠባይ አንድ ላይ ደባልቆአል። መረጃውንም ያገኘው በብዛት ከነዋሪዎቹ አፍ ሳይሆን ከትምህርት ቦርድ ተቆጣጣሪዎች ነበር።

ስለዚህ በእነዚህ ካርታዎች የሚጠቀም ተመራማሪ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ቅየሳው መቼ ተደረገ? ሰሌዳው ከማን እጅ መጣ? ማን ይገዛዋል ተብሎስ ታተመ?